ቃል ለገቡልን ሁሉ ሞቅ ያለ ጭብጨባ

ጅማ ውስጥ ሌሊት ሰው ቢሞት፣ ጎህ ሲቀድ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ብረት ድስቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ወጥቶ ይገኛል። ጥሩንባ ነፊው ስለ ሞት ንግግር አያደርግም፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ተናግሮ ወደሚቀጥለው ሰፈር ያልፋል። የወር መዋጮው ልክ ይታወቃል፣ የሚከፈልበት ቀን ይታወቃል፣ የቀረ ሰው ቅጣቱን ያውቃል። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ገልጦ የማን ሦስት ወር እንዳለፈ በጣቱ ያሳያል። ዕቁቡም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። እነዚሁ ሰዎች ተሰብስበው «የበጎ አድራጎት ድርጅት» የሚል ማህተም ባስቀረጹ ማግስት ግን ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ጭራሽ ይረሱታል።

መጀመሪያ የሚጠፋባቸው ቅደም ተከተሉ ነው። እድር መዋጮ ሰብስቦ ድስት ይገዛል። ድርጅቱ ገና አንድ ብር ሳይገባው አራት ሜትር ባነር፣ 50 ቲሸርትና 50 ኮፍያ ያሳትማል። ባነሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ከሥሩ የሚያልፉት ባለ ባጃጁ፣ ከማና ወረዳ ቡና ጭኖ የገባው ገበሬ፣ ጅማ መርካቶ ቅመም የምትቸረችረው እናት ናቸው፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሁሉንም ይደርስ ነበር። ለምን እንግሊዝኛ ተብሎ ሲጠየቅ «ለረጂዎች» ይባላል። ረጂዎቹ ጄኔቫ ናቸው፤ በጅማው አጂፕ ሰፈር በኩል አያልፉም።

ዕቅዱ የሚወጣው ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሃያ ሕፃናት ደብተር መግዛት ይታሰባል። አሥር ሰዓት ላይ ነገሩ ማሳደጊያ ይሆናል። አሥራ አንድ ላይ ማሳደጊያው አራት ፎቅ አውጥቶ፣ ሥሩ ክሊኒክና ዳቦ ቤት ተከፍቶበት፣ የመረቀነው ሁሉ የየፎቁ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ማን፣ ስንት ብር፣ ከማን፣ እስከ መቼ እንደሚያመጣ ቃለ ጉባኤ ላይ ስላልሰፈረ ፎቁ ማታ ከገራባው ጋር ተጠርጎ ይወጣል፤ ከጨብሲ የተረፈ ዕቅድ ታይቶ አይታወቅም።

የተረፈ እንደሆነም «የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት» ሆኖ ይመጣል። የጥሪ ካርዱ 8:00 ሰዓት ይላል፤ የክብር እንግዳው 10:00 ላይ ይደርሳሉ። እስከዚያ ድምፅ ማጉያው «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ይላል። ሰብሳቢው ንግግራቸውን የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ዘመን ይጀምሩና ወደ ጅማ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ግጥም ይነበባል፣ ሌላ ግጥም ይነበባል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ግማሹ ሰው በልቶ ይሄዳል። «እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን» የሚባለው ይሄኔ ነው። ገንዘብ የሚጠየቀው አዳራሹ ሙሉ ሳለ፣ ከምግብ በፊት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለጠያቂውም ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል።

የባሰው ስህተት ግን ማን ቀድሞ እንደሚሰጥ ሳይታወቅ መድረኩን መክፈት ነው። መጀመሪያ የተጠራው ቁጥር ለአዳራሹ ሁሉ ጣሪያ ይሆናል። የክብር እንግዳው ተነሥተው «500 ብር» ካሉ፣ 20 ሺህ ሊሰጥ አስቦ የመጣው ነጋዴ ከእንግዳው በላይ መታየት ነውር መስሎት «1 ሺህ» ብሎ ይቀመጣል። አሥራ ዘጠኙ ሺህ ኪሱ እንዳለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ትልቁን ሰጪ ከሳምንት በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ ማነጋገርና መጀመሪያ እንዲነሣ መለመን ያስፈልጋል፤ የክብር እንግዳው በክብር ይቀመጡ።

ከዚያ ቃል መግባቱ ይጀመራል፤ ጭብጨባው እንደ ሰኔ ዝናብ ነው። አንድ ወጣት በጥሪ ካርዱ ጀርባ ይመዘግባል፤ «አሊ፣ 10 ሺህ»። ጅማ ውስጥ ስንት አሊ እንዳለ የሚያውቅ አንድ አላህ ነው። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የገንዘቡ ልክ፣ የሚከፈልበት ቀንና ፊርማ ከሌሉ የተመዘገበው ጭብጨባው ነው። እነዚህን አምስት ነገሮች ለየአራት ጠረጴዛው በተመደበ አንድ ሰው ማስሞላት፣ በማግስቱ ደውሎ ማመስገን፣ ቀጠሮውንም ከ15 ቀን አለማሳለፍ ነው፤ ወር ያለፈው ቃል ቃል ሆኖ ይቀራል። እንበል ለአዳራሽ፣ ለምግብና ለድምፅ ማጉያ 80 ሺህ ብር ወጣ፤ 300 ሺህ ቃል ተገባ፤ 90 ሺህ ገባ። ሕፃናቱ ያገኙት 10 ሺህ ብር ነው። ሪፖርቱ 300 ሺህ ይላል፤ ከሥሩም «ዝግጅቱ በደማቅ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል።

በዚያው መድረክ ላይ ሌላም ቃል ይገባል፤ «ከምትሰጡን ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለአስተዳደር አትውልም!» የቢሮውን ኪራይና የደረሰኙን ማሳተሚያ ማን እንደሚከፍል አይነገርም። ሕጉ እንኳ እንዲህ ያለ ቅድስና አልጠየቀም። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው ያዘዘው፤ ድርጅቱ በንግድ ሕግ መሠረት ነግዶ ገቢ እንዲያገኝም ይፈቅዳል። «ከመቶ ብር አሥራ አምስቱ ለኪራይና ለመጓጓዣ ነው» ብሎ ፊት ለፊት የተናገረ አይሰደብም። የሚሰደበው ምሎ ሲያበቃ በስድስተኛው ወር የኪራይ ልመና የሚወጣው ነው።

«የምትችሉትን አድርጉ» የሚለውም ልመና ትሕትና ይመስላል። ሰው የሚችለው ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ያለውን ነው፤ እሱም የባጃጅ መልስ ነው። ለአንድ ተማሪ 12 ደብተር፣ 6 እስክሪብቶና አንድ ዩኒፎርም ያስፈልገዋል፣ ድምሩ ይህን ያህል ብር ነው፣ የስንት ልጅ ይይዙልናል? እንዲህ የተጠየቀ ሰው ቢያንስ የግማሽ ልጅ ይሰጣል።

አሁን ወደ ሐጂ ሱቅ እንግባ። የከተማው ኮሚቴ ሁሉ የሚያውቀው ሦስት ነጋዴ ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ማህተም ያለበት ደብዳቤ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ለመጠየቅ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንደኛው ባለ ሱቁ የሚያውቀው ቢሆን ደግ ነው። የሚሄዱት ግን ሰባት ሆነው፣ በገበያ ቀን፣ ሱቁ በሸማች ተጨናንቆ ሳለ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። እንደምን ዋሉ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ ግቡ።»

«ለበጎ ሥራ ነበር የመጣነው፣ ሐጂ።»

«በጎ ሥራ መልካም ነው። የዛሬ ዓመት የሰጠኋችሁ ምን ላይ ደረሰ?»

ሰባቱም ጣሪያውን ማየት ይጀምራሉ።

«ያኔ እንኳ... እኛ አልነበርንም፣ ሐጂ። የድሮው ኮሚቴ ነው።»

«ማህተሙ ግን ያው ነው» ይላሉ ሐጂ፣ ደብዳቤውን በጣታቸው እየነኩ።

ሐጂ ደረሰኝም ይጠይቃሉ፤ ስላላመኑ ሳይሆን መዝገብ የሚይዙ ነጋዴ ስለሆኑ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል። በቲሸርት ለባሽ ወጣት የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ዋናው ለሰጪው፣ ቅጂው ለሒሳብ ክፍል፣ ቀሪው ጥራዙ ላይ የሚቀር ደረሰኝ ያስፈልጋል። ጥራዙ ለበጎ ፈቃደኞች ሲታደል ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር ማን እንደወሰደ አስፈርሞ መያዝ ነው፤ ያለዚያ ሁለት ጥራዝ አጋሮ ይሄድና አንዱ ብቻ ይመለሳል።

ጊዜውስ? ጅማና ዙሪያዋ ገንዘብ የምታየው ቡና ሲለቀም ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ገበሬውም፣ አቅራቢውም፣ ጫኝ አውራጁም ኪሱ ሞቅ ይላል። ኮሚቴው የሚነሣው ነሐሴ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት መሆኑ ትዝ የሚለው ያኔ ነዋ! በነሐሴ ዝናብ ሰጪው ራሱ ደብተር መግዣ ተበድሮ ነው የሚያገኙት። በጥር ሰብስቦ፣ ባንክ አስቀምጦ፣ በነሐሴ መግዛት ይቻላል፤ ይህ እንዳይሆን የከለከለ አዋጅ የለም።

ገበሬው «ብር የለኝም፣ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ውሰዱ» ሲል ደግሞ ኮሚቴው በደስታ ይሸከማል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ከአርባ ሰው ሲሰበሰብ 680 ኪሎ ይሆናል። ሚዛን አልመጣም፣ በደንብ የደረቀውና እርጥቡ በአንድ ጆንያ ገብቷል፣ ዝናብ በሚያስገባ ቢሮ ጥግ ተከምሮ ሻጋታ ይዞታል። ከዚያም ቡና ያለ ንግድ ፈቃድ እንደማይሸጥ ይታወቃል። ገበሬው ቡናውን እንደ ልማዱ ለደንበኛው ሸጦ ብሩን ቢሰጥ፣ ደረሰኝ ቢቆረጥለት፣ ነገሩ ሁሉ በቀላሉ ባለቀ ነበር።

ረመዳን ሲገባ ዘካው ይታወሳል። ዘካ ከተጠራቀመ ገንዘብ 2.5 በመቶ ነው፤ የሚገባቸው ሰዎችም በቁርኣን በስምንት ወገን ተለይተዋል። ከስምንቱ መካከል የቢሮ ወንበር የለም፤ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማም ቢሆን። ዘካ የሚቀበል ድርጅት ያንን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ መያዝና ለማን እንደደረሰ ማሳየት አለበት። ደግሞ ብዙ ሰው ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ስለሚወስን በ27ኛው ሌሊት በር ማንኳኳት የዘገየ ነው።

በስልክ የሚላከው ገንዘብ የሚሰናከለው በሁለት ቦታ ነው። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ ፖስተሩ ላይ 12 ይታተማል። ተስተካክሎ ሲታተም ደግሞ ሰጪው ቁጥሩን አስገብቶ «የተቀባይ ስም» ላይ ሲደርስ የድርጅቱ ስም ሳይሆን የሰብሳቢው ስም ከነአያቱ ይወጣል። ጣቱ እዚያ ላይ ይቆማል። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም፣ ቢያንስ በሁለት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ ፖስተሩም ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው አሥር ብር ልኮ ይሞክረው። የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ እዚያው ፖስተር ላይ መለጠፍ ደግሞ ያሳፍራል፤ ልጁ ነገ ከነዚያው ሰዎች ጋር ክፍል ይቀመጣል።

የአገር ውስጡ ሲደርቅ ፕሮፖዛል ይጻፋል፤ ማለትም ይገለበጣል። የጅማ ችግር በሰባት ገጽ ከተዘረዘረ በኋላ ስምንተኛው ገጽ ላይ «በባሕር ዳር ከተማ የሚገኙ ተጠቃሚዎች» ይላል። ማብቂያውን ረጂው «ሴፕቴምበር 15፣ 5 ሰዓት» ብሎ ጽፏል። ጸሐፊው መስከረም 15 ብለው ይይዙታል፤ ቀኑ መስከረም 5 ስለነበረ አሥር ቀን አልፎታል። ቀኑን እንኳ ቢያገኙት ሰዓቱ አለ፤ የረጂው 5 ሰዓት ከቀትር በኋላ ከሆነ በእኛ 11 ነው፣ ያውም በማን አገር አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጠየቀ እንደገና ይንሸራተታል። በሁለቱም ካሌንደር ግድግዳ ላይ ጽፎ፣ ከሦስት ቀን በፊት መላክ ነው፤ መብራትም ኔትወርክም የሚጠፉት በመጨረሻው ቀን ነውና።

ምስጋናው ለክብር እንግዳው በመስታወት ተለብጦ ይሰጣል፤ 500 ብራቸው ግን እስካሁን አልገባችም። በየወሩ 100 ብር ሳታጓድል የምትልከዋ ሴት የሚደወልላት አንድ ወር ያጓደለች ዕለት ነው። ገንዘቧ በገባ በሁለት ቀን ውስጥ ደውሎ «እትዬ፣ የላኩት ደርሷል፤ የሦስት ልጅ ደብተር ተገዝቶበታል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ማለትና ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ስልኩን መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ለሰብሳቢው በስብሰባ ሲነገራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁ፤ «ታዲያ ካልጠየቅናት ለምንድን ነው ካርድ የምናቃጥለው?»