ዘመድ እያለ ባቡር?

የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐበሻ በብዙ ነገር ተመስግኗል። ክትፎው ስም አውጥቷል፤ ፈረንጁ ሳይቀር ተሰልፎ ይበላዋል። ቡናውም እንደዚያው። አንድ ሰው ወደ ዳለስ ኤርፖርት ለመሸኘት ሦስት መኪና የማሰለፍ ጥበባችን ግን እስከ ዛሬ አንድም አመስጋኝ አላገኘም። በዚህ ላይ ዝም ማለት ግፍ ነው።

ለማያውቀው ልንገር። ዳለስ ከዲሲ መሀል 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚነሳው ከዚያ ነው። ወንዙ ዳር፣ ከተማው አፍንጫ ሥር፣ ሬገን የሚባል ሌላ ኤርፖርት አለ፤ እሱ ግን አዲስ አበባ አያደርስም። ስለዚህ አገር ቤት የሚሄድ ሁሉ የዳለስን መንገድ ይቀምሳታል።

ኤርፖርቱ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1962 ነው። ባቡር የደረሰለት ኖቬምበር 2022። 60 ዓመት መሆኑ ነው። አሜሪካኖቹ ተሟግተው፣ በበጀት ተጨቃጭቀው፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሰው ሲልቨር ላይን የሚባለውን የሜትሮ፣ ማለትም የከተማ ባቡር፣ ሐዲድ ኤርፖርቱ ደጅ አደረሱት። ከመሀል ዲሲ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዋጋው በሥራ ቀን ቢበዛ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም፤ ቅዳሜና እሁድ ከ2 ዶላር ከ50 አያልፍም። ከባቡሩ ትወርዳለህ፣ በምድር ውስጥ መተላለፊያው ራሱ የሚሄድ ወለል ላይ ትቆማለህ፣ ሳታስበው ተርሚናሉ ውስጥ ነህ። ዝናብ አይነካህም። የመኪና ሰልፍ አያገኝህም።

እኛ ግን በዚህ አልተሸነገልንም። ፈረንጅ ምርጡን መንገድ ሲፈልግ ሰዓትና ገንዘብ ይደምራል። ምስኪን! እኛ ከዚያ ካለፍን ቆይተናል። የእኛ ሒሳብ አጭር ናት፦ ሰው ምን ይላል?

በዚህ ሒሳብ ባቡር ገና ከጅምሩ ይወድቃል። ሻንጣ እየጎተተች ሜትሮ ስትገባ የታየች ሐበሻ ካለች ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ዳለስ ይደርሳል።

"ብቻዋን እኮ ነው የሄደችው።"

"ወይኔ! ሰው የላትም እንዴ?"

"አይ፣ ከወንድሟ ጋር ተጣልተው ነው።"

አያችሁ? ልጅቷ ካርዷን መግቢያው ላይ ነካ ከማድረግ ውጪ ምንም አላደረገችም። የቤተሰቡ ጠብ ግን አደባባይ ወጣ።

ኡበርስ? ኡበር ከባቡር የባሰ ነው። ጥበባችን ጫፍ የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። እዚህ አካባቢ ታክሲና ኡበር ከሚነዱት መሀል ሐበሻው ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁት ነው። በየቤተሰቡ አንድ ሾፌር አይጠፋም። ኡበር የሚነዳው የወንድም ልጅ የማያውቀውን ሰው ዳለስ እያመላለሰ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው። አክስቱ ኡበር ብትጠራ ግን ክፉኛ ይቀየማል። ስለዚህ የዚያን ዕለት አፑን ያጠፋል፣ ነዳጁን ይሞላል፣ የጠዋት ገቢውን ይተዋል፣ አክስቱን በነፃ ያደርሳል። በዚያው ሰዓት የአክስቱ ጎረቤት ኡበር ጠርታ በሌላ ሐበሻ መኪና እየሄደች ነው። ሾፌሩ በመስታወት ያያታል። ያዝንላታል። "እህቴ፣ እዚህ ዘመድ የለሽም እንዴ?" ይላታል። ሒሳቡን ግን ይቀበላል።

ወደ ዋናው ሥነ ሥርዓት እንግባ። ልጃቸውን አርሰው፣ ስድስት ወራቸውን ጨርሰው የሚመለሱ እናት አሉ እንበል። ያረፉት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው የቤተሰቡ ቫይበር ይሟሟቃል።

"እማዬን ማን ነው የሚያደርሳት?"

"እኔ አለሁ።"

"ኧረ እኔ እወስዳታለሁ፣ ያን ቀን እረፍት ነኝ።"

"ሻንጣው በእናንተ መኪና አይበቃም። የእኔ ቫን ይሻላል።"

በሌላው ዓለም ሁለቱ "እሺ፣ አንተው ውሰዳት" ብለው ወደ እንቅልፋቸው ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ አንዴ "አለሁ" ያለ ሰው ወደ ኋላ አይልም። የቀረ እንደሆነ ስሙ ይነሳል፤ ያውም ለዓመታት፣ በየሠርጉና በየለቅሶው። እናትየው ራሳቸው ይለምናሉ። "ኧረ ልጆቼ አትቸገሩ፣ አንዱ ይበቃኛል።" ይህን ሲሰሙ ሦስቱም የበለጠ ይጠነክራሉ። ደግሞ የእናት "አትቸገሩ" መቼ ታምኖ ያውቃል?

ቀጥሎ የመንገድ ጉባኤ ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ለመሻገር ፖቶማክን ማለፍ ግድ ነው። ዲሲን የሚዞረው የቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌዩ፣ የሚሻገረው በአሜሪካን ሊጀን ድልድይ ነው፤ እሱ ደግሞ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አፉን ዘግቶ ነው የሚጠብቅህ። አንዱ "በቼይን ብሪጅ ነው የሚሻለው" ይላል። ሌላው "ኧረ ከተማ ገብተህ አውራ ጎዳና 66ን ያዝ" ይላል። ሦስተኛው የማፕ ፎቶ ይልካል። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱት ጋሼ እስካሁን ዝም ብለዋል። በመጨረሻ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። "ማፕ ምን ያውቃል? ማፕ የመጣው እኔ ዳለስ ስመላለስ ነው!" ብለው ይጀምራሉ። መልእክቱ አራት ደቂቃ ነው። ድሮ ስለወደቀ በረዶ አለበት፣ ሳይከፍል ስለወረደ ተሳፋሪ አለበት። የትኛው መንገድ እንደሚሻል የለበትም።

ጉባኤው ሳይስማማ ይበተናል። ሦስቱም መኪና በየራሱ መንገድ ይሄዳል። ይህን ብልሃት አድንቄ አልጠግብም። አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ። ትንሿ እክል እናትየው አንደኛው መኪና ውስጥ፣ ሻንጣቸው ሁለተኛው ውስጥ፣ ፓስፖርቱ ያለበት የእጅ ቦርሳ ደግሞ ሦስተኛው ውስጥ መሆኑ ናት።

ስለ ሻንጣ ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቀመጥ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለመደው የአዲስ አበባ ትኬት የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። የሚያምንበትም የለም። ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ሻንጣዎቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል። ጎረምሳው ልጅ የእጅ ሚዛኗን መንጠቆ እጀታው ውስጥ ያስገባና በሁለት እጁ ያነሳል። ፊቱ ይቀላል፣ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሯ ከ22 ወደ 25 ትዘላለች፣ ትመለሳለች። "ያዛት! አትነቃነቅ!" ይሉታል ሶፋ ላይ የተቀመጡት። "በቃ፣ 23 ናት። ይቺ ሚዛን ትጨምራለች።"

ይሄኔ በር ይንኳኳል። ጎረቤት ናት፣ ፌስታል ይዛለች። "ቀላል ነገር ናት፣ ለእህቴ ልጅ፣ ጫማ ብቻ።" ጫማው የባስኬት ነው፣ ቁጥር 45። በየጫማው ውስጥ አንዳንድ ትልልቅ የቫይታሚን ጠርሙስ ተጠቅጥቋል። በጠርሙሶቹ ዙሪያ ደግሞ ካልሲ። ማንም እምቢ አይልም። ሰው ምን ይላል?

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሸኚ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው። ቼክ ኢን ጋ ሚዛኑ 26 ብሎ፣ ሠራተኛዋ በትህትና ራሷን ነቅንቃ፣ ሻንጣው ወለሉ ላይ ሲዘረገፍ፣ የተረፈውን ይዞ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ባቡር ሦስት ኪሎ ሎሽን ተሸክሞልህ ቤትህ አይመለስም። እናትየውም ቢሆኑ በዚያ ጉልበት፣ ያን ሁሉ ሻንጣ ይዘው፣ ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ወርደው ባቡር ይቀይሩ የሚል ጨካኝ አይደለሁም። አንድ መኪና ይገባቸዋል። ጥበቡ የሚጀምረው ከሁለተኛው መኪና ነው።

ሁለተኛው መኪና አሁን የት ነው? ወደ ዳለስ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሀሉ ለኤርፖርት ተጓዥ ብቻ የተከለለ ነው፤ አይከፈልበትም። ከዳርና ዳሩ ያለው ይከፈልበታል። ሁለተኛው መኪና ሁልጊዜ የሚከፈልበት ውስጥ ነው። ለምን ሲሉት "እሱ ይፈጥናል" ይላል። ሦስተኛው ደርሷል፤ ግን መውረጃው ጋ ፖሊሱ "ቀጥል! ቀጥል!" ስላለው ፓስፖርቱን እንደያዘ ኤርፖርቱን እየዞረ ነው።

እንደምንም ይገናኛሉ። ፎቶ ይነሳል። የዳለስን ተርሚናል የነደፈው ኤሮ ሳሪነን የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት ነው። ያ ተወጥሮ የተንጠለጠለው ጣሪያ በዓለም የታወቀ ነው። በእኛ ፎቶ ውስጥ ጣሪያው የለም። ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ጋሪና የተረፈው ሎሽን አለ። ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ "እንዴ፣ በረራው!" የሚል ጩኸት።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል። እዚህ አገር ድሮ ሸኚ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይገባ ነበር። ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት ወዲህ ትኬት የሌለው ሰው በአብዛኛው ፍተሻውን አያልፍም። ከሽኝታችን ግማሹ የተቆረጠብን ያኔ ነው። ቢፈቀድልን ወንበራቸው ድረስ ገብተን፣ ቀበቷቸውን አሥረን፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ "አደራህን" ብለን እንወጣ ነበር።

አቀባበሉም ከሽኝቱ አይተናነስም። ኤርፖርቱ ለተቀባይ ብሎ መኪና ውስጥ ሆነው ስልክ የሚጠብቁበት ነፃ ማቆሚያ አዘጋጅቷል። ተጓዡ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ይደውላል፣ ትሄዳለህ፣ ታነሳዋለህ። ይህም እንደ ባቡሩ የከሸፈ ሐሳብ ነው። አበባ ይዞ መውጫው በር ላይ ያልቆመ ሰው መጣ ይባላል እንዴ? ማን አየው?

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትስቁ ቆይ ጠብቁ። ቦሌ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ነው እስከዛሬ የተመቻችሁ። ቢሾፍቱ አጠገብ እየተሠራ ያለው አዲሱ ኤርፖርት ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የዳለስ አቻ መሆኑ ነው። ባቡርም መጣ አውቶቡስ አትደናገጡ። ልምዳችንን በነፃ እናካፍላለን። ለጊዜው ሚኒባስ ያለው ዘመድ ማን እንደሆነ እያጣራችሁ ቆዩ፤ ከተቀየማችሁትም ታረቁ።

የሚያሳስበኝ ወጣቱ ነው። ሰሞኑን አንዷ ስታጫውተኝ ደነገጥኩ። ለሦስት ሳምንት አገር ቤት የምትሄድ ልጅ ናት፤ አንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ይዛለች። ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ሮዝሊን ላይ ባቡር ተሳፈረች። ወንበር አገኘች። ቡናዋን እየጠጣች ሄርንደንን እንዳለፈች እናቷ ከአዲስ አበባ ደወሉ።

"ደረስሽ?"

"ልደርስ ነው እማዬ።"

"ማነው የሚያደርስሽ?"

"ጓደኛዬ።"

"ጎሽ፣ ተባረክ በይው። የማን ልጅ ነው?"

"አታውቂውም እማዬ።"

በዚህ መሀል ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ኢኖቬሽን ሴንተር መሆኑን በድምፅ ማጉያ ለፈፈ።

"ማነው የሚያወራው?"

"ሬዲዮ ነው።"

"እንግዲያው ሬዲዮውን ቀንስ በይውና ስልኩን ስጪው፣ ላመስግነው።"