ለክቡር ጋስ ፊ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ (እንደማይሰሙኝ እያወቅኩ)

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ እንዴት እንደከረምኩ እርስዎ ያውቁታል፣ ኢትሪየም በሚባለው የክሪፕቶ ገንዘብ ኔትወርክ ላይ ለእያንዳንዱ ዝውውር የሚከፈሉ ክፍያ ሆነው በየ12 ሰከንዱ እየተቀያየሩ ያከረሙኝ እርስዎ አይደሉ።

ነገሩን ላስታውስዎት። ውጭ ላለ ሰው ሎጎ ሰራሁለትና 38 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ ገንዘብ) ላከልኝ። ሚሊዮን አይደለም ጌታዬ፣ ሠላሳ ስምንት። ከአንዱ ዋሌቴ (የክሪፕቶ ቦርሳዬ) ወደ ሌላኛው ዋሌቴ ላዛውራት ስል እርስዎ በሩ ላይ ቆመው አገኘሁዎት። እሺ ከዚችው ላይ ይቀንሱ ብልዎ "አይሆንም፣ እኔ የምቀበለው ኢተር ብቻ ነው" አሉኝ፣ የኢትሪየም የራሱ ገንዘብ መሆኑ ነው። ይሄ እኮ ከፒያሳ ማራኪ በባጃጅ ሄጄ ብር ስሰጠው ሹፌሩ "ብር አልቀበልም፣ በጌሾ ክፈል" እንደማለት ነው፣ ጌሾ ልገዛ ልሂድ ብል ደሞ ለዛም ባጃጅ ያስፈልገኛል።

የሚላከው ስንት ነው ብለው ደሞ አይጠይቁም። 38 ልላክ 38 ሚሊዮን ልላክ ለእርስዎ ያው ነው፣ የሚቆጥሩት ኔትወርኩ ላይ የሚወጣውን ስራ ነው፣ ተራ ኢተር መላክ 21,000 ጋስ (የስራው መለኪያ)፣ ዩኤስዲቲ ሲሆን ኮንትራት (ኔትወርኩ ላይ ያለ ፕሮግራም) ስለሚነካካ ሁለት ሦስት እጥፍ። ሀብታሙ ጋ ሲደርሱ ትንኝ ነዎት፣ እኔ ጋ ሲመጡ ግን ጅብ።

የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ይማራል (የተማረ ዘመድ አያሳጣችሁ) እና "ኤአይ ጠይቀው" አለኝ። ክፍያው አሁን ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት። "በአሁኑ ሰዓት ከ80 እስከ 120 ጊዌይ ነው" (ጊዌይ የኢተር ሽርፍራፊ ነው፣ የአንድ ጋስ ዋጋ የሚነገርበት) ብሎ ቅልጥፍ አርጎ ሲመልስልኝ ደንግጬ ስልኬን ዘጋሁት። ለካ ድሮ ያነበበውን ነው የሚያወራልኝ! ከሃያ ዓመት በፊት የወጣ ዳያስፖራ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያስረዳህ እንደማለት፣ የዳያስፖራው ረክሶ የኤአዩ ተወድዶ ነው እንጂ ሁለቱም ጋ በራስ መተማመኑ አንድ ነው። ከዛ ልጁ የወቅቱን ክፍያ ከኔትወርኩ ላይ የሚያነብ ቱል አገናኘለትና ኤጀንት ሆነ። አሁን ስጠይቀው ሄዶ አይቶ ነው የሚመልሰው፣ ቁጥሩም የምር ነው፣ ያየበትን ሰዓት ሳይቀር ይጽፍልኛል። ሰዓቱን ካልጻፈልኝ ዝም ብሎ እየተረከ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ግን እርስዎ ማን ያምንዎታል! ኤጀንቱ "እየፈተሽኩ ነው…" ብሎ ዳታው እየተንቀራፈፈ ግማሽ ደቂቃ ሲያልፍ ሁለት ሦስት ብሎክ (በየ12 ሰከንዱ የሚወጣ የዝውውሮች ጥቅል) ወጥቷል፣ በያንዳንዱ ብሎክ ደግሞ ቤዝ ፊዎ (መነሻ ክፍያዎ) እስከ 12.5 በመቶ መጨመር ይችላል። ቁጥሩ እኔ ጋ ሲደርስ ያደረ ሽሮ ነው።

እሺ ይሁን፣ "መቼ ነው የሚረክሰው?" አልኩት። "ነገ 8 ሰዓት ላይ ሞክር፣ አሜሪካ ስለሚተኛ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል" አለኝ። በማግስቱ ምሳዬን በልቼ፣ እናቴ ቡና እያፈላች፣ ልክ 8 ሰዓት ሲሞላ ስልኬ ላይ ተተከልኩ፣ ቁጥሩ ግን ጭራሽ ወደ ላይ። ለካ የሱ 8 ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ የኛ ጠዋት 2 ሰዓት! በኛ 8 ሰዓት አሜሪካ እየተነሳ ነው። እናቴ "አንተ ልጅ ምነው እንዲህ አፈጠጥክ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት መሰልክ እኮ" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ከዛ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። የአክስቴን ልጅ ለምኜ ትንሽ ኢተር አስልኬ ነበር፣ እሷን ልቆጥብ ብዬ ጋስ ሊሚቱን (ዝውውሩ የሚፈቀድለትን የጋስ ጣሪያ) በእጄ ቀነስኩት። መንገድ ላይ ጋስ አለቀ፣ ዝውውሩ ከሸፈ፣ 38ቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ እርስዎ ግን ክፍያዎን ወስደዋል! ባጃጅ እንኳ ዳገቱ ላይ ቢበላሽ ሹፌሩ "ይቅር በለኝ ወንድሜ" ብሎ ግማሹን ይመልሳል።

ደሞ ቢበሉት አይቆጨኝም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቤዝ ፊውን እኮ ያቃጥሉታል! ማንም አይደርሰውም። የባጃጁ ሹፌር ለልጆቹ ዳቦ ይገዛበታል፣ እርስዎ ዘመድ የለዎትም?

ታላቅዎ ቢትኮይንም ከእርስዎ አይሻልም፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 በሃልቪንጉ (አዲስ የሚወጣው ቢትኮይን በግማሽ በተቀነሰበት) ቀን አማካይ ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ሰዎች "ሌየር ቱ ግባ፣ እዛ ሳንቲም ነው" ይሉኛል (በኢትሪየም ላይ የተሠራ ርካሽ ኔትወርክ ነው)፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን ወደዛ ለመሻገርም መጀመሪያ ለእርስዎ መክፈል አለብኝ። ፋሲል ግቢ እንኳ የሚያስከፍለው መግቢያ ነው፣ መውጫ አያስከፍልም።

አሁን ኤጀንቱ ሰዓቱን አስተካክሏል። በየቀኑ ጠዋት በኛ 2 ሰዓት "ዛሬ በጣም ርካሽ ነው፣ ላክ!" እያለ ይቀሰቅሰኛል። በምን ኢተር?

ከሰላምታ ጋር
ባለ 38ቱ፣ ከጎንደር

ግልባጭ፦
ለአክስቴ ልጅ፦ ኢተርህን እመልሳለሁ፣ መቼ እንደሆነ ኤጀንቱን ጠይቀው
ለእናቴ፦ ቡናው ሳይቀዘቅዝ መጣሁ