ማስተካከያ፦ ስለ ሐዋሳዎቹ የቀርከሃ ወንበሮች

ስለ አንዲት የሐዋሳ ዲዛይነር ወንበሮችና የመብራት ሼዶች ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ ቀርከሃው «ከውጭ የመጣ» ተብሏል። አይደለም። የሚመጣው ከዚያው ከሲዳማ ደጋ፣ ከአርቤጎናና ከሁላ አካባቢ ነው። የመቀመጫው ጥልፍልፍም ፕላስቲክ ሳይሆን የእንሰት ቃጫ ነው። የሲዳማ አንባቢዎቻችን ሳይስቁብን አልቀሩም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዚያው ጽሑፍ ላይ ያለው «ቀርከሃን ነቀዝ አይነካውም» የሚለው አባባል ገዢን ኪሳራ ላይ ይጥላል። ቀርከሃ የሣር ወገን ነው። ውስጡ ስታርች አለው፤ ነቀዙም የሚፈልገው እሱን ነው። 3 ዓመት ያልሞላው ባይቆረጥ ይመረጣል። ከተቆረጠም በኋላ ነቀዝን ለመከላከል ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በሚባሉ ኬሚካሎች ውህድ ይነከራል። ዲዛይነሯ ይህን ታደርጋለች። መንገድ ዳር የሚሸጠው ሁሉ ግን እንዲህ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ከወንበሩ ሥር ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል፣ አለቀ።

«በረንዳ ላይ ያለ ሐሳብ ይቀመጣል» የተባለውም ጣሪያ ላለው በረንዳ ብቻ ነው። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቀርከሃ ይሰነጠቃል።