ሽምብጥ ላይ ሊቆፈር የታሰበው ገንዳ

ወሬውን ያነሣው ባለቤቱ ራሱ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ አንድ ፎቅ ቤት እየጨረሰ ነው፤ ጓሮው ላይ መዋኛ ገንዳ ሊያስቆፍር አስቧል። ጥቂት ዓመት ኖሮበት ሊሸጠው ስለሚፈልግ ጭንቀቱ ሁሉ ቤቱን ያስወድድልኛል በሚለው ገንዳ ላይ ነው። ቡና ላይ የነበርነው እሱና ታላቅ እህቱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳቸው፣ አንድ ደላላ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛና እኔ ነን።

ዘመድየው ቀደመ። «ፋይበር ግላስ አስመጣ። ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ጉድጓዱን ቆፍረህ ማስቀመጥ ብቻ። ገጹ ልስልስ ስለሆነ አረንጓዴው ነገር ቶሎ አይዘውም፤ ክሎሪንም ይቆጥብልሃል።»

«በምን ይመጣል?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«በኮንቴይነር።»

«የኮንቴይነር ውስጡ 2 ሜትር ከ35 ነው። አያ የሚፈልገው ደግሞ አራት በስምንት ነው። በምን በኩል ይገባል?»

«በክፍት ተሳቢ ይጫናላ!»

«እንግዲያ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን አቀበቱን ሊወጣ ነው፤ አራት ሜትር ስፋት ይዞ።»

እህትየው ሳቀች። «ከኋላው የተሰለፈው ሾፌር ሁሉ እየረገመህ ገንዳህ ገባ ማለት ነው።»

ጉድጓዱ ላይ ላስቲክ የሚነጠፍበት ዓይነትም ተነሥቶ ነበር። ላስቲኩ የሚቆየው አሥር ዓመት ገደማ መሆኑ ሲነገር ደላላው «አንተ ዋኝተህ ዋኝተህ፣ ሊቀደድ ሲል ለገዢ ታስረክባለሃ» አለና ያ ወሬ እዚያው አለቀ። ቀረ አርማታው።

እህትየው ግን ገንዳውን ራሱን አልተቀበለችም። «አንት ልጅ፣ ጣና እደጅህ ተዘርግቶ ውሃ በቦቴ ልትገዛ?»

«ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ልጆቼን እዚያ አልነክርም።»

ይህ እውነት ስለሆነ መልስ አላገኘችም። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ሒሳቡን አሰላው፦ አራት በስምንት፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ 48 ሜትር ኩብ፤ 48 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ።

ደላላው እስኪጠየቅ ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው ጠፋ። «ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ካርታውን ነው። ቀጥሎ የሊዙ ክፍያ ምን ያህል ቀረ ይለኛል። ከዚያ መንገዱ፣ ውሃው፣ መብራቱ፣ መኪና ስንት ያስገባል። ገንዳ አለው ወይ ያለኝ የለም። አንዱን ገንዳ ያለው ግቢ ሳስጎበኘው፣ ሚስቱ የትንሹን ልጅ እጅ ጨብጣ አልለቅም አለች፤ እሱ ደግሞ 'ይህን ለመድፈን ስንት ይፈጃል?' ብሎ ከዋጋው ላይ አስቀነሰበት።»

«እንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው የሚፈልግ ቢመጣስ?»

«እሱ ይፈልገዋል። ግን እሱ መሐንዲስ ይዞ ነው የሚመጣው። ከሴራሚኩ ሥር ምን አለ? ቧንቧው በየት ያልፋል? ያፈሳል ወይ? ሲልህ ምን ልታሳየው ነው?»

ክርክሩ የጋለው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤቱ ሁለት ሠሪዎች አነጋግሯል። አንደኛው በ45 ቀን ጨርሼ ላስረክብ ብሎታል፤ ግድግዳውን በብሎኬት ሊሠራው ነው። የከርሰ ምድር ውሃ እንዳለ ለማየትም ግንቦት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ደረቅ ሆኖ አግኝቶታል። ሁለተኛው ዋጋው ሩብ ያህል ይበልጣል፤ ወለሉንም ግድግዳውንም በፌሮ አስሮ አርማታ ሊሞላው ነው፤ ሴራሚክ የሚለጠፈውም ውሃ ተሞልቶ ከታየ በኋላ ነው ብሏል።

«ያው ገንዳ ገንዳ ነው» አለ ዘመድየው። «ሴራሚክ ከለበሰ ማን ያውቃል?»

ቧንቧ ሠራተኛው ተቆጣ። «ግንቦትማ ጣና የሚጎድልበት ወቅት ነው፤ ደረቅ ቢሆን ምን ይገርማል! ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ቆፍር፤ ውሃው ከስንት ሜትር ላይ እንደሚጠብቅህ ታያለህ። ገንዳህን ለማጽዳት ያን ጊዜ ባዶ ብታደርገው ከሥር ይገፋዋል። ውሃው ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ቢል 32 ቶን ነው የሚገፋህ። ያ ፋይበር የምትለው አንድ ሁለት ቶን ቢመዝን ነው፤ እንደ ጀልባ ብድግ ይላል። ሃያ ሳንቲም ውፍረት ያለው አርማታ እንኳ ሠላሳ ምናምን ቶን ነው፤ እንደምንም ተናንቆ ነው የሚቆየው።»

«እና ምን ይደረግ?»

«ከወለሉ ሥር ጠጠር፣ ከጠጠሩ ውሃውን የሚስብ ቧንቧ፣ ወለሉ ላይ ከሥር ሲገፋው የሚከፈት ቫልቭ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ አውጥቶ መጣል ነው፤ በበጋ ተሰንጥቆ በክረምት ሲያብጥ ግድግዳህን ይዞት ይሄዳል። በምትኩ ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ። የ45 ቀኑ ሰውዬ ይህን ጠቅሶልሃል? አርማታ እኮ ጉልበቱ የሚለካው በ28 ቀን ነው። ውሃ ሞልቶ የሚያሳይህ መቼ ሊሆን ነው?»

«ውሃው ቢጎድልስ፣ ፀሐይ ነው ቢለኝ በምን አውቃለሁ?»

«ባልዲ ሞልተህ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጥ። የሁለቱንም ልክ አስምር። በማግስቱ ባልዲው የጎደለው ፀሐይ የወሰደችው ነው። ገንዳው ከዚያ አልፎ ከጎደለ ያፈሳል።»

ዘመድየው በዋጋው በኩል መልሶ መጣ። ገንዳው ቤቱን ካላስወደደ ለምን ውድ ይሠራል፤ ርካሹን ሠርቶ መሸጥ አይሻልም ወይ ነው። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛውም ለጊዜው ዝም አለ። ደላላው «የሚያፈስ ገንዳ ያለው ግቢ ከመሸጥ ባዶ ግቢ መሸጥ ይቀለኛል» ብሎ አገዘው።

እኔ ለማን ነው የምፈርደው? በገበያው ነገር ለደላላው። እዚህ ከተማ ገንዳ የወጣበትን ገንዘብ ይመልሳል ብሎ መቆፈር አያዋጣም። ደብረ ማርቆስ ቢሆንማ፣ ያን ብርድ ለሚያውቅ፣ ጨዋታው ገና ቡናው ሳይፈላ ባለቀ ነበር። ለልጆቼ ካለ ግን ይቆፍር፤ ዓይነቱ አርማታ ይሁን፤ ከ48 ሜትር ኩቡም ይቀንስ፤ መኪና የሚቆምበትን ቦታ አይብላው፤ ጥልቀቱም አዋቂ ቆሞ ደረቱ ከሚደርስበት አይለፍ፤ ዙሪያውን የሚቆለፍ አጥር ይኑረው።

በሠሪው ነገር የቧንቧ ሠራተኛው ትክክል ነው፤ ዘመድየው «ማን ያውቃል» ያለው ግን ያልተመለሰ ይመስለኛል። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ በእርግጥ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከመለጠፉ በፊት ማስረጃ ያስቀር። ፌሮው ታስሮ አርማታ ሳይሞላበት ሜትር ዘርግቶበት ፎቶ ያንሣው፤ ቧንቧዎቹን ሳይቀበሩ ያንሣ፤ የባልዲውን ፈተና ውጤት ከነቀኑ አስፈርሞ ይያዝ፤ ንድፉን ከካርታው ጋር ያስቀምጥ። ከክፍያው ላይም አንድ ክረምት አልፎ ጥቅምት እስኪወጣ ድረስ የሚቆይ መያዣ በውሉ ውስጥ ያስገባ። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ሠሪ ካለ፣ ሩቡን ዋጋ ቢቀንስም ባይቀንስም እኔ ከሱ ጋር አልዋዋልም።