«ሲስተም የለም» ወይስ «ጥቃት ደርሶብናል»?

የሳይበር ጥቃት የደረሰበት ድርጅት ለደንበኞቹ ወዲያው ይናገር ወይስ ነገሩን እስኪያጣራ ዝም ይበል? ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዷ ጋዜጠኛ ናት። ሌላው በድርጅቶች የአይቲ ክፍል ለዓመታት የሠራ ባለሙያ ነው።

ጋዜጠኛዋ፦

አክስቴ አንድ ቀን ስልክ ተደወለላት። ሰውዬው ሙሉ ስሟን ጠራ። ሂሳብ የከፈተችበትን ቅርንጫፍ ሳይቀር ነገራት። «እማማ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ለልጇ ሠርግ ያጠራቀመችው ብር በዚያው ሄደ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ ሰውዬው ያን ሁሉ ከየት አወቀው የሚለው ነው። መረጃዋ ከአንድ ቦታ ሾልኳል። «ስምሽና ቅርንጫፍሽ በሌባ እጅ ገብቷል፤ ማንም ቢደውል ቁጥር እንዳትናገሪ» የሚል አንድ መልእክት ደርሷት ቢሆን ስልኩን ትዘጋበት ነበር። የነገራት ግን የለም።

እኛ መስኮቱ ጋ ስንደርስ የምንሰማው «ሲስተም የለም» ነው። መብራት ይሁን፣ ኔትወርክ ይሁን፣ ጥቃት ይሁን ለይቶ የሚነግረን አናገኝም።

መናገር ድርጅትን አያፈርስም። ኖርስክ ሃይድሮ የተባለውን የኖርዌይ የአሉሚኒየም ኩባንያ እንውሰድ። ያኔ 35,000 ገደማ ሠራተኞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ሌቦች ኮምፒውተሮቹን ቆልፈው ለመክፈቻ ገንዘብ ጠየቁት። ኩባንያው ኮምፒውተራችሁን ከኔትወርኩ ጋር እንዳታገናኙ የሚል ወረቀት በየበሩ ለጠፈ። በዚያው ቀን ጋዜጠኞችን ጠርቶ የሆነውን ተናገረ። ለሌቦቹ ገንዘብ አልከፈለም። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በወረቀትና በእጅ እየሠሩ ቀጠሉ። ኡበር የተባለው የታክሲ ጥሪ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ሲሰረቅበት ለሌቦቹ 100,000 ዶላር ከፍሎ አንድ ዓመት ደበቀው። የደኅንነት ኃላፊውን እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው።

ባለሙያው፦

እህቴ፣ በአክስትዎ ላይ የደረሰው ያሳዝናል። እኔ የማልስማማው «ወዲያው» በምትለዋ ቃል ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከቤቴ ተጠራሁ። የድርጅቱን ስም አልናገርም። ሰርቨሩ (የድርጅቱ ፋይል የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር) ላይ የነበረው ፋይል ሁሉ ስሙ ተቀይሯል፤ አንዱም አይከፈትም። ስክሪኑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ወጥቷል። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን ብዬ ወደ ሀርድ ዲስኩ ሮጥኩ። ዲስኩ ለወራት ከዚያው ሰርቨር ላይ ሳይነቀል ኖሯል። እሱም አብሮ ተቆልፏል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆመው «ለደንበኞች ምን እንበል?» አሉኝ። ምን እንደተወሰደ አላውቅም። ሌባው ወጥቶ ይሁን አሁንም ውስጥ ሆኖ ኢሜይላችንን እያነበበ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ምን ይባላል?

የአየርላንድ የጤና አገልግሎትን ይመልከቱ። አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል የከፈተው መጋቢት 18 ቀን 2021 ነበር። ጥቃቱ የፈነዳው ግንቦት 14 ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ሌቦቹ ስምንት ሳምንት ሙሉ ሲስተሙ ውስጥ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሌሊት አይጣራም።

በዚያ ላይ የሰው ግርግር አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ፣ ሂሳብ ላይ ካለው በላይ ብር ይወጣል የሚለው ወሬ በአንድ ሌሊት ከግቢ ግቢ ዞሮ ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ያ ጥቃት እንኳ አልነበረም። ባንክ «ተጠቃሁ» ቢል ጠዋት በሩ ላይ የሚሆነውን ያስቡት። ስለዚህ ጉልበታችንን ማገገሚያው ላይ እናውል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከኔትወርክ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። በዓመት አንድ ቀን ሲስተሙን አጥፍቶ በወረቀት መሥራት ይለመድ።

ጋዜጠኛዋ፦

የንግድ ባንኩ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚሠራው። ባንኩ ጥቃት አይደለም፣ የራሴ ሲስተም ችግር ነው ብሎ እስኪናገር ድረስ ሌሊቱን ሙሉ የተናገረው ወሬ ነበር።

አየርላንዶችም ስምንት ሳምንት እስኪጣራ አልጠበቁም። ጥቃቱ በተነሳበት ቀን ለሕዝቡ ተናገሩ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ደግሞ የምርመራውን ሪፖርት ከነጉድለታቸው አወጡት። የእርስዎን የሀርድ ዲስክ ታሪክ ግን ከእርስዎና ከሥራ አስኪያጁ ሌላ ማን ሰማው? አጠገባችሁ ያለው መሥሪያ ቤት ዛሬ ማታም ዲስኩን ሰርቨሩ ላይ እንደሰካው ያድራል። ኖርስክ ሃይድሮ የተጠቃው ከሚያምነው ደንበኛ በመጣ ኢሜይል ነው። የአንዱ ቀዳዳ ለሌላው በር ነው።

ባለሙያው፦

እውነትዎን ነው፤ ይህቺ ነካችኝ። ያኔ እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ ነበር።

ግን ዝምታው የሚጀምረው ከታች ነው። በእኛ ድርጅት የሌቦቹን ኢሜይል የከፈተችው ጸሐፊ ዓርብ ዕለት አንድ ነገር እንዳልተለመደ አይታ ነበር። ከሥራ ያባርሩኛል ብላ ፈራች። እስከ ሰኞ ዝም አለች። ዓርብ ብትነግረን ያን ኮምፒውተር ነቅለን እንገላገል ነበር። ሠራተኛው ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ሳንሠራ ድርጅቱን ለሕዝብ ተናገር ብንለው ከየት ያመጣዋል? አውሮፓ ውስጥ ሕጉ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እስከ 72 ሰዓት ድረስ አሳውቁ ይላል። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። መጀመሪያ ለመንግሥት አካል፣ ከዚያ ለሕዝብ።

ጋዜጠኛዋ፦

ለተቆጣጣሪው 72 ሰዓት ይሁን። ለአክስቴ ግን ሦስት ቀን ረጅም ነው። ሌባው የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው። የሾለከውን ሁሉ ንገሩን አላልኩም። በዚያው ቀን ሁለት መስመር ይላክላት።

ባለሙያው፦

ሁለቱን መስመር እጽፋለሁ። «ሲስተማችን ላይ ጥቃት ደርሷል፤ እያጣራን ነው። ከእኛ ነን ብሎ ለሚደውል ለማንም ቁጥር አይንገሩ።» ሰርቨሮቹ ተነቅለው ሌባው መውጣቱን ሳላረጋግጥ ግን አልልከውም።

ጋዜጠኛዋ፦

እኔ ደግሞ ገመዱን በሚነቅሉበት ሰዓት ይላክ እላለሁ። አክስቴ ስልኩን ያነሳችው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ቢደርሳት ይበቃት ነበር።