እርማት፦ ማግኔት የሳበው ሰንጢ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም

«ሰንጢ ስትገዙ ማግኔት አስጠጉበት፤ ከሳበው ስቴንለስ አይደለም፣ ፎርጅድ ነው» የሚል ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያየሁ ነው። ምክሩ ሰው እንዳይታለል ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ለስለት አይሠራም።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከማዕድ ቤት ይመስለኛል። የሳህን ማጠቢያ ሲንክ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ስቴንለስ ኒኬል ስላለበት ማግኔት አይስበውም፤ ቢስበውም በትንሹ ነው። ያ ብረት ግን ግሎ በድንገት ቢቀዘቅዝም አይጠነክርም፤ ስለዚህ ስለት አይይዝም። ለቢላ የሚመረጠው ክሮሚየምና በቂ ካርቦን ያለው፣ በእሳት የሚጠነክረው ዓይነት ነው፤ እሱን ደግሞ ማግኔት ይስበዋል። ስዊዘርላንድ፣ ኢባክ ውስጥ የሚሠራው የቪክቶሪኖክስ ሰንጢ ስለት 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ነው። ማግኔት ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ትክክለኛነቱን የምታውቁት አንድ ሰንጢ እጃችሁ ላይ ካለ ሞክሩት፤ ከዚያ ሲንኩ ላይ ድገሙት።

በዚህ ምክር የሄደ ሰው ደህናውን ሰንጢ መልሶ፣ ማግኔት የማይስበውን ለስላሳ ብረት «ኦሪጅናል» ብሎ ይገዛል። ትንሽ ሽንኩርት እንደከተፈ ይዶለዱምበታል።

የፋብሪካውን ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ ማግኔቱን ትታችሁ ሰንጢውን ክፈቱት። ስለቱ ወደ ጎን ሲገፋ ይላወሳል? ሲታጠፍ የእጀታውን ግድግዳ ይፈትጋል? ስለቱን የሚይዘው ሞላ (ስፕሪንግ) ሲከፈትም ሲዘጋም «ቀጭ» ይላል? መላወስና መፈተግ የደካማ ሥራ ምልክት ናቸው፤ «ቀጭ» ማለቱ ግን የጥሩ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው መላወሱን ነው።