ጅማ ላይ እዮብን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱልን

እዮብ መኮንን አይጮህም። «እንደ ቃል» የሚለውን አልበሙን በደንብ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። ስንኙን ይለቅና ትንሽ ይጠብቃል። ሆድ የሚባባው እዚያች ዝምታ ላይ ነው። ኤልያስ መልካ ሲያቀናብረው ለድምፁ ቦታ ትቶለታል። ቤዙ ከሥር ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ጊታሩ በምትና በምት መካከል ቸክ ይልና ይጠፋል። ሬጌ ነው፣ ግን ቁጭ አድርጎ ያሳስባል።

ሰሞኑን ጅማ ነኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ ከዚሁ አልበም አንድ ዘፈን መጣ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ደቂቃ አልቆየም። በሩ ላይ የተገተረው ስፒከር ቤዙን ነጎድጓድ አደረገው። ደረቴን እየመታኝ የእዮብ ድምፅ ግን የለም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሳይደርስ ተቆረጠና ጭፈራ ገባ። አስተናጋጇን «እህቴ፣ እባክሽ ዝቅ አድርጊውና ይጨርስልን» አልኳት። «ዝቅ ካለ ቤቱ የተዘጋ ይመስላል» አለችኝ።

እሷ ምን ታድርግ፣ የታዘዘችው ነው። ግን አንጀቴ አረረ። እንዴት ነው ዘፈን የቤት ክፍት መሆን ማስታወቂያ ብቻ የሆነው?

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት መረበሽ የለም፤ እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። መጀመሪያ ታፈንኩ ብዬ ነበር። ይህን አልበም በወጉ የሰማሁት ግን በዚያ ሕግ ምክንያት ነው። ዝቅ ሲል እስትንፋሱ ሳይቀር ይሰማል። ማንም አይቆርጠውም።

ታዲያ የፍራንክፈርት ጸጥታ ሰው የለበትም። ባቡር ውስጥ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሄደው። በነሐሴ 2005 እዮብ ናይሮቢ ማረፉን ስሰማ ባቡር ላይ ነበርኩ። አለቀስኩ። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ምን ሆንክ ቢሉኝስ ማን ነው ብዬ ላስረዳ?

ጅማ ላይ ማስረዳት የለም። ወደ ቆጪ የወሰደኝ የባጃጅ ልጅ ከእዮብ ጋር አንድም ስንኝ ሳይስት ይዘፍናል። እዮብ ጅጅጋ ተወልዶ የዘፈነውን፣ የጅማ ልጅ የአወይቱን ወንዝ እየተሻገረ የራሱ አድርጎታል። ይህ ነው እኔን የሚያስቀናኝ። እንዲህ የሚወደው ሰው እያለ ነው ካፌው እየቆረጠ የሚጥለው!

ልጁ የሚያጫውተው ከፍላሽ ነው። ፍላሹ ላይ ቁጥር እንጂ የአልበም ስም የለም፣ ያቀናበረው ሰው የለም፣ ቅደም ተከተል የለም። ከእዮብ ቀጥሎ ሠርግ፣ ከሠርግ ቀጥሎ መዝሙር። ካረፈ በኋላ «እሮጣለሁ» የሚል አልበም እንደወጣለት ነገርኩት።

«ወንድሜ ሙት፣ ሌላ አለ እንዴ?» አለኝ። መንገድ ዳር አቆመና ስሙን ስልኩ ላይ አስጻፈኝ። ፍላሽ የሚሞላለት ልጅ ግን አልበም አይሸጥም፤ ቅልቅል ብቻ ነው ያለው።